ከከሉ ሥር የለበስኩት

1

ዚፑ ከጀርባ ነው።

ይህን ቀሚስ የሰፋው ሰው ብቻዋን የምትኖር ሴት አይቶ አያውቅም ማለት ነው። እጄን በትከሻዬ ላይ አሻግሬ ሞከርኩ፤ አልደረሰም። ከታች በወገቤ አዙሬ ሞከርኩ፤ እስከ መሃል ጀርባዬ ወጣና ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ የራስ እጅ አይደርስም። የሰው እጅ ነው የሚደርሰው።

ቆምኩ። ጀርባዬ ክፍት።

«ማን አለ እዚህ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ማንም።

2

ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ። (አንቺ እላለሁ። ወንድ ከሆንክ ቻለው፤ እኛ ስንቱን ችለን የለም?)

ትርንጎ እባላለሁ። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው የምኖረው። ከሰል እሸጣለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደሉን የለቀምኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከሰል ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ ነው። መስመሬ ከተጣመመ አንገትሽን አዘንብለሽ አንብቢ። በቁጥር የምጽፈውም ጥበብ በዝቶብኝ አይደለም። ከሰል የሚራገፈው በጆንያ በጆንያ ነው፤ አንዱን ሳታወርጂ ሌላውን አትሸከሚም።

ባሌ ጓንጉል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሞተ። ልጅ አልወለድንም። ከሞተ ጀምሮ ከል¹ ለብሻለሁ። ስንት ክረምት እንዳለፈ አልቆጥርም። ጥቁሩ ራሱ ግን ሰልችቶት፣ ብብቱ ላይ ወደ ቡናማ ሄዷል።

———
¹ የሐዘን ጥቁር ልብስ ነው። የዛሬ ልጅ ጥቁር ለሠርግም ስለሚለብስ ነው የማብራራው። ከል ራስሽ አታወልቂውም፤ ያስወልቁሻል። ዓመቱ ሲሞላ ዘመድና የዕድር ሴቶች አዲስ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። «በቃሽ» ይሉሻል። እምቢ ትያለሽ። ይለምኑሻል። ታለቅሻለሽ። ያወልቁልሻል፣ ራስሽን ቅቤ ይቀቡሻል፣ አዲሱን ያለብሱሻል። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ትስቂያለሽ። ወጉ ይኸው ነው።

3

እኔ ጋ አልመጡም።

4

ለምን እንዳልመጡ ልንገርሽ፤ ሐሜት እንዳይመስልሽ።

ቀብሩ ላይ ሬሳው ሲወርድ «ይኼ ጥቁር ከእኔ ጋር ነው የሚቀበረው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሲያለቅስ ምን የማይለው አለ? ጎረቤቴ ዙሪያሽ በእናቷ ቀብር «ከነነፍሴ ጨምሩኝ» ብላ ጮኻለች፤ ማንም አልጨመራትም፤ ማታውን ቁጭ ብላ ንፍሮ በልታለች። የእኔን ግን ያዙት። ለቅሶዬን እንደ መሐላ ያዙት።

ዓመቱ ሲሞላ ቤቴን ጠርጌ፣ ዳቦ ደፍቼ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኩ። የባሌ እህት ደብሪቱ የዕድር ሴቶቹ ይጀምሩት ብላ ቤቷ ተቀመጠች። የዕድር ሴቶቹ ደብሪቱ ትጀምረው ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ሁሉም «ቃሏን አናስፈርሳትም» አሉ። ዳቦውን ለብቻዬ እስኪሻግት በላሁት።

አሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኙኝ «እሷ ናት ቃሏን የጠበቀች!» ይላሉ። ለአዲስ ሙሽሮች ያሳዩኛል። በጣት።

ታዲያ «ኑና አስወልቁኝ» ልበላቸው?

እኔ?

ትርንጎ?

5

ሰኞ ገበያ የሄድኩት ለከሰል ጆንያ ማሰሪያ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ነው። ይህን ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።

ሰልባጁ መሬት ላይ ተከምሯል። እጄን ሰደድኩ። ከሰል ሸካራ ነው፤ ጆንያ ሸካራ ነው፤ የእኔ እጅ ከሁለቱም ይብሳል። ክምሩ ውስጥ ግን አንድ ነገር በጣቶቼ መሃል እንደ ወተት ስልባቦት ሾለከ። ሳብኩት። መጣ። አሁንም ሳብኩት። አሁንም መጣ።

ሮዝ ነው። ጮክ ብሎ የማይናገር ሮዝ። እጅጌው ነፋ ብሎ አንጓው ላይ ይሰበሰባል፤ አንገቱ ዙሪያውን ዳንቴል ነው፤ ወገቡ ላይ ሪባን አለው፤ ከዚያ ወደ ታች ሽንሽን፣ ሽንሽን፣ በሽንሽኑ ላይ የተበተነ ትናንሽ አበባ።

ሻጩ፦ እማማ፣ እሱ ለርስዎ አይሆንም።

እኔ፦ ማን ለኔ አለህ?

ሻጩ፦ ታዲያ ለማን ነው?

እኔ፦ ለከሰል ማሰሪያ።

ሻጩ፦ ኧረ እማማ! ይህን የመሰለ ቀሚስ ለከሰል? ነውር አይደለም?

እኔ፦ ነውሩስ አንተ እግርህ ሥር መከመርህ። ጠቅልለው። ቀስ በል! እንዳትጨማድደው!

6

ጓንጉል ስለ እኔ ለጓደኞቹ ሲያወራ «ትርንጎ እኮ ወንድ ናት» ይል ነበር። የሞላ ጆንያ በአንድ እጄ ሳነሳ ያያል፤ ደረቱን ይነፋል። እኔም እነፋ ነበር። ሙገሳ ነው። ዛሬም ሙገሳ ነው፤ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ግን አንድ ቀን እንኳ

(አልጨርሰውም። መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር መጣላት አይጥመኝም።)

7

እንዲህ ይለበሳል፦

በሩን ዝጊ። መስኮቱንም። ጉም ወርዶ ከተማው ባይታይም ዝጊው።

እጅሽን ታጠቢ። እንደገና ታጠቢ። ጥፍርሽ ሥር ያለው አይለቅም፤ እሱን ተይው።

ከሉን አውልቂ። ይህ ማውለቅ አይደለም፤ ለጊዜው ነው፤ እንዲያ ብለሽ ለራስሽ ንገሪው። አልጋው ላይ አስተኚው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ። ልብስ ፊት የለውም ትይኝ ይሆናል። ስንት ክረምት አብረሽው ኑሪና ከዚያ ንገሪኝ።

አሁን ሮዙን ከላይ ልቀቂው። እጅሽን ወደ ላይ። ለስላሳ ልብስ ሲወርድ ድምፅ አለው፤ አጠገብሽ ሰው የተነፈሰ ይመስላል። አትደንግጪ። ማንም የለም።

ተራመጂ። ሽንሽኑ ትንሽ ዘግይቶ ይከተልሻል። የሚከተልሽ ነገር ሲኖር ደስ ይላል።

ተቀመጪ። እግርሽን ግጠሚ። እንደ ከሰል ነጋዴ አትቀመጪ!

መስታወት እዪ። የእኔው መስታወት ፊት ብቻ የሚያሳይ ስባሪ ነው፤ ስለዚህ በቁራሽ በቁራሽ ነው ያየሁት። አንዴ አንገት። አንዴ ብብት። አንዴ ጉልበቴ ላይ ያለች አበባ። ሴትዮዋን ሙሉዋን ያያት የለም።

እኔም ጭምር።

8

ዚፑን ረስቼው አይደለም።

ልብስ ሰፊው ሰይድ ሱቁ ከከሰል ቤቴ ትይዩ ነው። መነጽር አድርጎ ከመነጽሩ በላይ ነው የሚያየው።

ሰይድ፦ እትዬ ትርንጎ፣ ዚፑ ምን ሆነ? ደህና ነው እኮ።

እኔ፦ ከጀርባ አንሳውና ከፊት በቁልፍ አድርገው።

ሰይድ፦ ይበላሻል። ለማን ነው?

እኔ፦ ለእህቴ ልጅ።

ሰይድ፦ ትምጣና ልኳን ልውሰድ።

እኔ፦ እኔን ታህላለች።

ሰይድ፦ ደልደል ያለች ናት ይበሉኛ።

እኔ፦ አንተ መጀመሪያ አፍህን ስፋ!

(ሜትሩን አንስቶ ለካኝ። ደረት፣ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ አንጓ። የሰው እጅ ትከሻዬ ላይ ያረፈው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ... ተይው።)

ሰይድ፦ የእህትዎ ልጅ ዕድለኛ ናት።²

———
² እህት የለኝም። ኖራኝም አታውቅ። ሰይድም ያውቃል።

9

ለበስኩት።

ቁልፉ አሁን ከፊት ነው፤ በራሴ እጅ ዘጋሁት። ዝናብ ነበር። ከወንበሩ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ወንበሩ ሄድኩ። ወንበሩን በትህትና «እንደምን ዋልክ» አልኩት። ድምፄን ላለሰልሰው ነበር፤ የከሰል ጥሪ ሆኖ ወጣ። ጎረቤት «አለሁ! አንድ ጣሳ አስቀምጪልኝ!» አለች ከውጭ።

ለበስኩት።

ሪባኑን ወደ ጎን አሰርኩት። ወደ ኋላ አሰርኩት። ፈታሁት። ወደ ጎን ይሻላል። ማን ይይልኝ? ግን ወደ ጎን ይሻላል።

ለበስኩት።

ፀጉሬን ፈትቼ በሁለት ጎንጉኜ፣ ወደ ፊት ለቀቅኩት። ነጭ ነው። ከሮዝ ጋር ነጭ እንዲህ ያምራል ብሎ የነገረኝ የለም። ሰው ሁሉ ሽበት የሚያየው ከጥቁር ጋር ነዋ።

ለበስኩት።

ምንም አላደረግኩም። ተቀመጥኩ። መሸ።

10

ሙሉዋን ለማየት ፎቶ ቤት ሄድኩ።

ሮዙን ለበስኩ፤ ከላዩ ከሉን። ከሌ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሰፊ ነው፤ አይታወቅም። ሐሳቤ ከመጋረጃው ጀርባ ከሉን አስቀምጬ ብቅ ማለት ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝ ሁሉ የሚያውቋትን ትርንጎን ነው ሰላም ያሉት። ከሥር ያለችዋ ዝም ብላ ታልፋለች። እንግዳ ነገር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለብሼም ተደብቄም አላውቅ።

ፎቶ አንሺው፦ እማማ፣ ለመታወቂያ ነው አይደል?

እኔ፦ ...

ፎቶ አንሺው፦ ጆሮዎ ይታይ። ነጠላውን ወደ ኋላ። ቀና! አይሳቁ።

እኔ፦ መቼ ሳቅኩ?

ለመታወቂያ አነሳኝ። ጥቁር ለብሳ የተቆጣች ትንሽ ሴትዮ፣ በአራት ቦታ። አሁን ወረቀቷን የት እንደማደርጋት አላውቅም። መታወቂያ አለኝ።

11

ከዚያ በኋላ ከከሉ ሥር እየለበስኩት ሥራ እገባ ጀመር። ከሰል እሰፍራለሁ፤ ከሥር ዳንቴል። ከደላላ ጋር እሳደባለሁ፤ ከሥር ሪባን። ሞኝነት ነው በይ። በይ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ? ብቻዬን የምስቅበት ነገር አገኘሁ፤ አንቺ ብዙ አለሽ መሰለኝ።

አንድ ማለዳ ዙሪያሽ መጣች።

ዙሪያሽ፦ ትርንጎ! ከሥር የሚያጮልቀው ምንድን ነው?

እኔ፦ የቱ?

ዙሪያሽ፦ ሮዝ ነገር።

እኔ፦ የውስጥ ልብስ ነው።

ዙሪያሽ፦ የውስጥ ልብስ ዳንቴል አለው እንዴ?

እኔ፦ የአንቺ የለውም? ታሳዝኛለሽ።

(ሳቀች። ጣሳውን እንደያዘች ሳቋን አቆመች።)

ዙሪያሽ፦ ትርንጎ።

እኔ፦ ከሰል ትወስጃለሽ ወይስ ቀሚስ ትገልጫለሽ?

ዙሪያሽ፦ ይኼ ከል ከብዶሽ ነው እንዴ?

እኔ፦

ዙሪያሽ፦ እኛ እኮ ቃል አለባት ብለን ነው። አንቺስ ምን አለ ብትይን?

እኔ፦

ዙሪያሽ፦ በይ እንጂ፣ አንድ ነገር በይኝ አንቺዬ።

እኔ፦ ጣሳው ሞልቷል።

12

ሁለቱን መልሶች ባዶ የተውኳቸው ቃል ጠፍቶኝ አይደለም። እንደዚያው ነበሩ። «አዎ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ አየር ገባ። ጆንያ በአንድ እጄ የማነሳ ሴት ያችን ነገር ማንሳት አቃተኝ።

ዙሪያሽ ከሰሏን አንጠልጥላ ሄደች። ዳገቱ ጥግ ስትደርስ ዞራ አየችኝ። እኔ ሌላ ሰው የምመለከት መሰልኩ።

13

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። በሩን ዘግቼ ሮዙን ለብሻለሁ። ሁለቱ ጉንጉኖች ወደ ፊት። ሪባኑ ወደ ጎን። ከሉ አልጋው ላይ ፊቱን አዙሯል።

ውጭ የእግር ድምፅ። ብዙ።

ደብሪቱ፦ ትርንጎዬ! ክፈቺ!

(የባሌ እህት ናት። ጉልበቷን ታማለች፤ ያንን ዳገት እንዴት እንደወጣችው እሷ ታውቃለች።)

ደብሪቱ፦ ከልሽን ልናስወልቅሽ ነው የመጣነው! ክፈቺ አንቺ እልኸኛ!

ዙሪያሽ፦ በቃሽ ትርንጎ! አሁን በቃሽ!

በቃሽ።

ያቺ ቃል በበሩ ስንጥቅ ገብታ ቤቱ ውስጥ ዞረች።

14

በስንጥቁ አየሁ። የዕድር ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ዙሪያሽ በትንሽ ሳህን ቅቤ ይዛለች። ደብሪቱ ክንድ ላይ አዲስ ቀሚስ አለ፤ ተዋጥተው ያሰፉት።

አመድማ።

ወፍራም፤ እጅጌው እስከ አንጓ፤ አንገቱ እስከ አገጭ። ለዕድሜዬ የሚሆን። ከዚያ ወዲያ እስክሞት የምለብሰው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። በፍቅር ነው ያሰፉት፤ እሱን አውቃለሁ። ደብሪቱ እንዳይቆሽሽ በክንዷ አቅፋዋለች፣ እንደ ሕፃን።

አንቺ ብትሆኚ? ሮዙን አውልቀሽ፣ አልጋ ሥር ወትፈሽ፣ ከሉን ለብሰሽ ትከፍቻለሽ፤ የጠበቅሽውን ወግ ታገኛለሽ፤ ማንም ምንም አያውቅም። ወይም ሮዙን እንደለበስሽ ትከፍቻለሽ፤ በገዛ እጇ ከል ያወለቀች ትባያለሽ፤ ደብሪቱ ወንድሟን የረገጥሽባት ይመስላታል፤ ያንን ዳገት ተመልሳ ትወርዳለች፤ ዳግመኛ አትወጣውም።

እኔ ከሉን ከላይ ደረብኩት።

ሮዙን ለማውለቅ ጊዜ አልነበረኝም።

ውሸት ነው። ነበረኝ።

15

ከፈትኩ። ገቡ። ቤቴ በአንድ ጊዜ ሞላ፤ የሚቀመጡበት ጠፍቶ አልጋው ላይ ተደረደሩ። መሃል ላይ በርጩማ አስቀምጠው አስቀመጡኝ።

ደብሪቱ፦ በይ እንግዲህ። ወንድሜን አክብረሽዋል። ከዚህ በላይ ለእሱም ሸክም ነው። በቃሽ።

እኔ፦ እምቢ።

ሴቶቹ፦ በቃሽ! በቃሽ!

እኔ፦ እምቢ አልኩ!

ደብሪቱ ፈገግ አለች። ወጉ ነዋ፤ እምቢ ይባላል። የአንገቴን ቁልፍ በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። ይህንንም ወግ አደረጉት። «እዩዋት፣ እንዴት እንደምትወደው!» አለች አንዷ፣ እንባዋን እየጠረገች። ለወግ እንዳልያዝኩት የገባት ዙሪያሽ ብቻ ናት። ከኋላዬ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ሰው ሲያዝን እንደሚደረገው አይደለም። ጫን አደረገችኝ። ልቀቂ ማለቷ ይሁን ያዢ ማለቷ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

አለቀስኩ። ይህም ወጉ ነው። ይህንን ግን ለወግ አላደረግኩትም።

ደብሪቱ፦ ልቀቂ እህቴ። ልቀቂ ልፍታልሽ። ብቻሽን አይደለሽም።

ለቀቅኩ።

16

ጣቶቿ ወፍራም ናቸው። የላይኛው ቁልፍ ተፈታ። ዳንቴሉ አንገቴ ላይ ብቅ አለ፤ አላየችውም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቀጣዩ ተፈታ። ቀጣዩም። ከሉ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወረደ፤ በርጩማው ሥር ጥቁር ሆኖ ተከመረ።

ተነሳሁ። ሽንሽኑ ትንሽ ዘግይቶ ተዘረጋ። ሪባኑ ወደ ጎን ነው። እጄ የት እንደሚቀመጥ ጠፋኝ፤ ጥፍሬ ሥር ከሰል አለ።

አልጋው ላይ የተደረደሩት አፋቸውን ከፈቱ። ዙሪያሽ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ደብሪቱ እንባዋን በአመድማው ቀሚስ ጫፍ ጠርጋ፣ ቀና ብላ፣ ከእግሬ እስከ አናቴ አየችኝ። ሙሉዬን። አንድም ቁራሽ ሳይቀር።

ከዚህ በኋላ የተባለውን እኔ አልጽፈውም። አንቺም ቤቴ ገብተሻል እኮ፤ ከገባሽ ቆየሽ፤ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሻል። አትደበቂ።

ደብሪቱ፦

ዙሪያሽ፦

አንቺ፦